የሽሙኤል ጉርሻ

ይሻሽ ስንቱን ረስታለች፤ የሱዳኑን መንገድ እንኳ አታነሳውም። የሽሙኤልን ነገር ግን ወይ ፍንክች!

እስራኤል በገባች በሁለተኛው ዓመት፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ ዳር ባለ የብርቱካን እርሻ አረም ትነቅል ነበር። ጎንደር እንደለመደችው፣ ከአረሙ መሃል የሚበላውን የዱር ጎመን ለይታ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። አንድ ቀን ካቦው ሽሙኤል በአረሙ ላይ መድኃኒት ሲረጭ አየችና፣ ጎመኑን ከዚያም አፏን አሳየችው። ይበላል ወይ ማለቷ ነው። ሰውዬው ሳቀ።

«ኤን ባያ! ችግር የለም፤ ሣር ነው የሚገድለው፣ ሰው አይደለም» አላት።

አመነችው፣ ምን ታድርግ! ጎመኑ ጥቂት ስለነበር ለልጇ ለአምሳለች ብቻ ሰጠቻት። ሲነጋ የልጅቷ አፍ ቆስሏል፤ ውሃም አልረጋላት አለ። ሐኪሙ «ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፣ በእርግጠኝነት ግን መናገር አልችልም» አለ። አምሳለች ዘጠኝ ቀን ተኝታ ተነሳች። ሽሙኤል ግን በባለእርሻውና በሠራተኛው ፊት «እኔ ብዪ አላልኳትም! መድኃኒቱ ሰው አይጎዳም፤ ሣር ለምትበላ ሴት ምን ላድርግ?» ብሎ አሳቀባት።

ቆይ ብቻ አለች ይሻሽ በልቧ፤ ያንተን አፍ በራስህ አፍ ባላስይዘው!

ዓርብ ዕለት ባለእርሻው ከሠራተኞቹ ጋር ምሳ ይበላል። ይሻሽ ጎመን በነጭ ሽንኩርት ሠርታ መጣች። በቂጣ ጠቅልላ፣ ትልቅ ጉርሻ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ሽሙኤል አፍ ላይ ደገነችው።

«አፈር ስሆን፣ ጉረስ!»

ሽሙኤል ጎመኑን አየና አፈገፈገ። «ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ኤን ባያ» አለችው ፈገግ ብላ፣ ጉርሻውን አስጠግታ።

«አንሺው!» ብሎ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። «መድኃኒት ተረጭቶበታል እኮ! ልትገድዪኝ ነው?»

ባለእርሻው ሹካውን አስቀመጠ። «ሰው አይጎዳም አላልክም እንዴ?» ሲል ጠየቀው።

ይሻሽ ጉርሻውን ራሷ ጎረሰች። ሁሉም እያያት ተረጋግታ አላመጠች፣ ዋጠች።

«ከገበያ የገዛሁት ነው» አለች በተሰባበረ ዕብራይስጧ። «ልጄን ምን እንዳበላሃት ግን አሁን አንተው ነገርካቸው።»