የሦስት ጣት ከሰል

ትናንት ዝናቡ እንዳባራ በእንጨት መሰንጠቂያው በር ሳልፍ እርጥብ ሰጋቱራ ሸተተኝና እግሬ ቆመ። ባጃጅ የምጠብቅ መስሎት አንድ ሾፌር «ወዴት ነሽ፣ እናቴ?» አለኝ። የምሄድበት ጠፋኝ።

ያ ሽታ የእናቴ ቀሚስ ሽታ ነበር። ከዚያ ግቢ የሚጣለውን ሰጋቱራ፣ ከወናጎ በኩል ከምታስመጣው የቡና ገለፈት ጋር በርሜል ውስጥ አፍና ታከስለው ነበር። ጥቁሩን ዱቄት በቀጭን የሸክላ ጭቃ ለውሳ በጭብጧ ትጨምቅና ቆርቆሮ ላይ ታሰጣዋለች። የቀኝ እጇን አመልካች ጣት እኔ ሳልወለድ የመሰንጠቂያው መጋዝ ወስዶባታል። ስለዚህ እሷ የጨመቀችው ላይ የሦስት ጣት ምልክት ይቀራል፤ እኔ የጨመቅኩት ላይ የአራት። የእኔው ደግሞ ቶሎ ይፈረፈራል።

«የባለ ሦስት ጣቷን ስጪኝ፣ የልጅሽን አልፈልግም!» ይሏት ነበር ደንበኞቿ።

«ጣቴ እንጂ ጉልበቴ መቼ ጎደለ!» ብላ ትስቃለች።

ትምህርት ቤት ገና አልገባሁም ነበር። «ክረምቱ ይውጣና ትገቢያለሽ» ትለኝ ነበር። በዚያው ክረምት ታማ ሞተች።

በለቅሶው ቀን ጎረቤታችን፣ ከእናቴ ጋር ሰጋቱራ ስትሸከም የኖረች ሴት፣ ለለቀስተኛው ንፍሮ ልትቀቅል ከሰል ፍለጋ ጓዳ ገባች። እኔ ቀድሜያት ነበርኩ። በአራት ጣት የተጨመቀውን እየመረጥኩ አቀበልኳት። እሱ አለቀ፤ ንፍሮው ግን አልበሰለም። የቀረው አንድ እቅፍ የማይሞላ፣ የእናቴ ብቻ ነበር። ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት።

«ተነሺ እንጂ፣ አንቺ ልጅ! ሰው በባዶ ሆዱ ይሂድ?»

«የእሷ ነው።»

«የእሷማ ነው። ለቅሶውስ የማን ሆነና?»

አንዱን አንስቼ ጣቶቼን በምልክቶቹ ውስጥ አስገብቼ አሳየኋት። ሰፍተውኝ ነበር። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እሱን ያዢው» አለችኝና ሌላውን በቀሚሷ አቅፋ ወጣች።

ብብቴ ውስጥ ደበቅኩት። ግን የለቅሶ ቀን ነበር። የመጣው ሁሉ «አይዞሽ፣ የኔ ልጅ» እያለ ደረቱ ላይ ያጣብቀኝ ነበር። ሸሽቼ ጓዳ ገብቼ እጄን ስሰድ ያገኘሁት ጥቁር ብናኝ ብቻ ነበር።

ጎረቤታችን ከበር ላይ አየችኝ። እጄን ይዛ ወደ ማድ ቤት ወሰደችኝ። ድስቱ ከወረደ ቆይቷል፤ ምድጃው ላይ እንቅብ ተደፍቶበታል። አንዷ ሴት አመዱን ልትጠርግ ስትል «እሱን እንዳትነኪ!» ብላ ተቆጥታት ነበር አሉ።

«ነይ፣ ቅረቢ። እንዳትተነፍሺ።»

እንቅቡን አነሳችው። በበሩ በሚገባው የአመሻሽ ብርሃን ከእናቴ ከሰሎች አንዱ ነድዶ፣ ነጭ ሆኖ፣ ሳይፈርስ ተቀምጦ ነበር። ሦስቱ የጣት ምልክቶች አንድም አልጎደሉም። በኋላ፣ ዕድሜዬ ገፍቶ ስማር፣ ቅርጹን የያዘው ሸክላው እንደሆነ አንብቤያለሁ። ማወቄ ምንም አልቀየረልኝም።

ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። ያኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ብተነፍስ ትሄዳለች።

«ንኪው፣ ነፋስ ሳይቀድምሽ» አለችኝ ጎረቤታችን፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

አመልካች ጣቴን አጥፌ፣ ሦስቱን በቦታቸው አኖርኩ። አመዱ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ፈርሶ ወረደ። ውስጡ ገና ሞቃት ነበር።