የጣሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት

ሮይስ ቲንዳልን አልወደውም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። እህቴ ትዋይላ፣ ሰው በጥላቻ ሲያወራ ታሪክ ይጣመማል ትላለች። ይጣመም! ለነገሩ የማወራው ስለ ባሏ ስለ ኦዴል ነው። እሱንም ቢሆን እወደዋለሁ እንጂ ይቅር አልለውም።

ኦዴል ከጉርምስናው ጀምሮ ጣሪያ ሠሪ ነበር። የፍሎሪዳ ፀሐይ አንገቱን እንደ አሮጌ ጫማ አድርቆታል። ትምህርት ቤት እያለን "ደንቆሮው" ይሉት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንበር ከመደርደር በቀር ምንም አደራ ሰጥተውት አያውቁም። አባቱ እንኳ ስሙን ትቶ "አንተ" እያለው ነው የሞተው።

አሠሪው ሮይስ ነው። ድርጅቱ ሮይስ፣ የእህቱ ልጅና ኦዴል ናቸው፤ በቃ። ያን ዓመት የግዛቱ ምክር ቤት ሕጉን አጠበቀ፤ የግንባታ አሠሪ ሁሉ ለሠራተኛው የጉዳት መድን ይግባ፣ ያልገባ ሥራው ይታሸጋል ተባለ። ለጣሪያ ሠራተኛ መድን የሚከፈለው አረቦን ደግሞ የጉድ ነው፤ የሚወድቅ ሰው ነዋ! ሮይስ በየምግብ ቤቱ "ዘራፊዎች! ደሜን መጠጡት!" እያለ ሲጮህ ከረመ። እውነት ለመናገር አረቦኑ ትንንሾቹን አሠሪዎች ያጎብጥ ነበር። ግን ሕጉ ቀዳዳ አላጣም። የኩባንያ ሹም የሆነና ከድርጅቱ አንድ አሥረኛ ድርሻ ያለው ሰው ራሱን ከመድኑ ማስወጣት ይችላል፤ እስከ ሦስት ሹም ይፈቀዳል። ሮይስ ይህን ሲሰማ ጩኸቱን ተወ።

አንድ እሁድ እህቴ ቤት የተጠበሰ አምባዛ እየበላን ሳለ ሳይጋበዝ ገብቶ ተቀመጠ።

"ኦዴል፣ ከዛሬ ጀምሮ የቲንዳል ጣሪያ ሥራ ምክትል ፕሬዚዳንት ነህ።"

ኦዴል የዓሣውን አጥንት ከአፉ አወጣ። "ማን? እኔ?"

"አንተ ነሃ! የድርጅቱ አንድ አሥረኛም ያንተ ነው።"

"የምኑ አንድ አሥረኛ?" አልኩ እኔ። "የመሰላሉ ነው ወይስ የዚያ ጭሳም መኪናህ?"

"አንተ ጎሚስታ አይደለህ? ሂድና ጎማህን ንፋ፣ ዴልበርት!"

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። ኦዴል፣ ምን እንደምትበላ ጠይቀው እንጂ!"

"ሹመት ነው ያልኩት፣ ጭማሪ መች አልኩ?"

"ከወደቀስ?"

"ምክትል ፕሬዚዳንት ወድቆ ያውቃል?" ብሎ ሮይስ በራሱ ቀልድ ሳቀ። ትዋይላም ሳቀች።

ኦዴል አልሳቀም። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሮይስ የዘረጋለትን ወረቀት ፈረመ። ሹም ሲሆን መድኑ እንደሚቀርበት ሮይስ አልደበቀውም፤ ነግሮታል። የኦዴል ጆሮ የያዘው ግን ማዕረጉን ብቻ ነው።

ትዋይላ ኬክ ጋገረች፤ ማዕረጉንም በክሬም ጻፈችበት። ፓስተሩ ከመድረክ ላይ "ወንድም ኦዴል፣ ሹመት ያዳብርልህ!" ሲለው ምእመኑ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ጣሪያ መውጣት ጀመረ። ሸሚዙ ማታ ሬንጅ በሬንጅ ሆኖ ይመለሳል፤ እህቴ ስትፈትግ ታመሻለች።

"አብደሃል እንዴ?" አልኩት።

"ሹም ነኝ እኮ ዴልበርት፤ ሰው ያየኛል።"

እዚያ ላይ የሚያየው አሞራ ብቻ ነው!

ዝናብ ባባራ ማግስት የበሰበሰ ጣውላ ከሥሩ ከዳውና ወደቀ። ወገቡ ተሰበረ። ዳግመኛ እንደማይራመድ ሐኪሞቹ ነገሩን። ሕክምናውን የሚከፍል ካልተገኘ አባቴ በእጁ የሠራው የእህቴ ቤት መሸጡ ነው። ሮይስ አበባ ይዞ ሆስፒታል መጣ።

"መድኑን የተውከው አንተው ነህ ወንድሜ" አለው። "ድርጅቱም የጋራችን ነው። ሰው ራሱን ይከሳል እንዴ?"

በአበባው ማስቀመጫ ልፈነክተው ስል ትዋይላ እጄን ያዘችኝ።

ጠበቃ ያዝን። "አንድ መንገድ አለ" አለችን። "ሹመቱ የይስሙላ እንደነበረ ለዳኛው ይንገረው። ሚስማር መቺ ነበርኩ እንጂ ሹም አልነበርኩም ይበል። ያን ጊዜ መድኑን መተዉ ይፈርሳል፣ ሕክምናውንም ሮይስ ይከፍላል።" ትዋይላ አቅፋት አለቀሰች።

ወደ ችሎቱ ስንሄድ መኪና ውስጥ አስጠናሁት።

"ምን ነበርክ?"

"ሚስማር መቺ።"

"ጮክ በል!"

"ሚስማር መቺ" አለ በመስኮቱ እያየ።

ያልጠበቅነው፣ ፓስተሩ ለድጋፍ ብሎ ግማሹን ምእመን ይዞ መምጣቱን ነው። ባይመጡ ምን ነበረበት! ዳኛው መነጽሩን አስተካከለ።

"ሚስተር ክሩዝ፣ ይህ ምክትል ፕሬዚዳንትነት እንዲያው ለስሙ ያህል ነበር?"

ኦዴል ዞሮ የተደረደሩትን ሰዎች አየ። ትዋይላ በከንፈሯ ብቻ "በል፣ በል" ትለዋለች።

"ለስሙ አልነበረም፣ ክቡር ዳኛ።"

"በሹመትዎ ምን ወስነው ያውቃሉ?"

ብዙ አሰበ። "አንድ ጊዜ ሰማዩ ሲጠቁር ውረዱ አልኳቸው። ወረዱ።"

ማንም አልሳቀም። የሮይስ ጠበቃ ብዕሩን አስቀመጠ።

"እንግዲያው ሹም ነበርኩ ነው የሚሉት?"

"ነበርኩ ሳይሆን፣ ነኝ።"

"አንተ ደደብ!" ብዬ ጮህኩ፤ ዘበኛው ጎትቶ አስወጣኝ። ዳኛውም እዚያው ክሱን ዘጋው።

በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ትዋይላ ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋች መጣች፤ ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ሮይስ ቀድሟቸው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላቸው።

"አመሰግናለሁ፣ ፕሬዚዳንት" አለው ኦዴል።