ከጥጢቱ የለየኝ ሳል

ሳሉ የጀመረኝ በዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ቀሚሴ ሲሰፋኝም ከጾሙ ነው ብዬ ተውኩት።

ዲላ ዳር ባለው ግቢያችን ከአዳኞችና ከሕገወጥ ሻጮች እጅ የተያዙ፣ እናት የሌላቸው የጉሬዛ ግልገሎች እናሳድጋለን። ያን ጊዜ ትንሿ ጥጢቱ ነበረች። ጉሬዛ ሲወለድ እንደ ጥጥ ነጭ ነው፤ ስሟም ከዚያ መጣ። ከጨለለቅቱ በጆንያ ተደርጋ በሞተር ስትወሰድ ነው የተያዘችው። በነጠላዬ አዝያት እውል ነበር። የፍየል ወተቷን በስሪንጅ የምትቀበለው ከእኔ ብቻ ነበር። ይህም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት አክታዬ ላይ ደም አየሁ።

ጤና ጣቢያ የመረመረኝ ወጣት ሐኪም ጾሙን ስነግረው ፈገግ አለ። "እናቴ፣ ጾም ያከሳል እንጂ ደም አያስተፋም።" የአክታው ውጤት ሲመጣ ግን አልሳቀም። የሳንባ ቲቢ ነው። ሥራዬን ስነግረውም "ከግልገሎቹም ይራቁ፤ ከሰው ይይዛቸዋል" አለኝ።

የኋላ ክፍል ገባሁ። ልጄ ሩት ወተቱን ተረከበች። ጥጢቱ አልጠጣችም። ሩት ነጠላዬን አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ ለበሰችው። አሁንም አልጠጣችም።

"እማዬ፣ ፊቷን ታዞርብኛለች" አለችኝ በመስኮት።

"እኔ የምላትን በያት።"

"ብያታለሁ። እንዳንቺ ማጉረምረም ግን አልችልበትም!"

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሳል ሆነብኝ። ጥጢቱ ድምፄን ሰምታ ወደ መስኮቱ ተንጠራራች። ከዚያ ወዲያ እንዳትመጣብኝ ስል በመስኮቱ መናገር ተውኩ።

የእንስሳት ሐኪሙ በቱቦ ሊመግባት ሞከረ። "እናቷን ሁለተኛ ጊዜ አጣች" አለ።

በማግስቱ ሞተች። አልነካኋትም።

እድናለሁ ብዬ አላመንኩም። ጸሎትም አቃተኝ። ሩት ክኒኑን እስክውጥ በር ላይ ትቆማለች። የንስሐ አባቴም "ስትድኚ ትጾሚያለሽ፤ አሁን ዋጪ" ብለው ላኩብኝ።

ስድስት ወር መድኃኒቱን ጨርሼ፣ አክታዬ ንጹሕ ነው ከተባለ በኋላ፣ እየተደገፍኩ ወደ ዛፎቹ ስሄድ ከፍ ከፍ ያሉት ጉሬዛዎች ከቅጠሉ መሃል ቁልቁል አዩኝ፤ የጥጢቱ ቦታ ግን ባዶ ነበር።

ሳላችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈ ተመርመሩ፤ በጾም አታመካኙ። እናት የሞተችበትን እንስሳ የምታሳድጉም ከአንድ እጅ ጋር ብቻ አታላምዱት።

እግዚአብሔር ሐኪሞቼን ይባርክ፤ ለሩት ዕድሜ ይስጥልኝ። ሰሞኑን ከኮንጋ በኩል አንዲት ነጭ ግልገል መጥታለች። ሩትና የግቢው ጥበቃ እየተፈራረቁ ያጠጧታል። እኔ ማስኬን አድርጌ፣ ራቅ ብዬ ስሪንጁን አጥባለሁ። እስካሁን አታውቀኝም። ተመስገን።