አጎቴ ሰበታ ባቡር ጣቢያ ለምን እንደሚውሉ

ቅዳሜ ጠዋት ከቡራዩ የተነሣሁት አጎቴን ከሰበታ ላመጣ ነው። ኦቦ ደሜ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰሞኑን ጎረቤታቸው ለእናቴ ደውላ፣ «በየቀኑ ባቡር ጣቢያው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ይውላሉ። ብቻቸውንም ያወራሉ» አለቻት። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት፣ «አንቺ ሂጂና ይዘሽው ነይ፤ እኛ ጋ ይኑር» ብላ ላከችኝ።

ወደ ሰበታ

ከቡራዩ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ደግሞ የሰበታ ሚኒባስ ያዝኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ዓለም ገና ላይ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ ከከባድ መኪኖች ኋላ ስንጎተት ረፈደብን። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ከሐዲያ መጥታ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ነበረች። ባቡር ጣቢያ እንደምሄድ ስነግራት ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«እዚያ ሰው ይሳፈራል እንዴ? እኔ እንኳን አንድም ሻንጣ የያዘ ሰው ወደዚያ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።»

ሰበታ ወርጄ ቆሜ ሻይ በፓስቲ ቀማመስኩና ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩ። ከከተማው ስንወጣ ጉም ወረደብን። ሹፌሩ የጣቢያው በር ጋ ሲደርስ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ አውርዶኝ ተመለሰ።

ጣቢያው

ሕንፃው ትልቅ ነው። በጉሙ ውስጥ ምሰሶዎቹ ይታያሉ፣ ጣሪያው አይታይም። በሩ ላይ ማርቆስ የሚባል የወላይታ ልጅ ዘብ ቆሟል። የኦቦ ደሜ የእህት ልጅ መሆኔን ስነግረው ፈገግ አለ።

«ውስጥ ናቸው። ቀስ ብለሽ ግቢ፣ እያወሩ ነው።»

«ከማን ጋር?»

በሩን ከፈተልኝ።

አዳራሹ ውስጥ የብረት ወንበሮች ተደርድረዋል። የትኬት መስኮቶቹ መጋረጃቸው ወርዷል፣ የሻንጣ መፈተሻው ማሽን ላስቲክ ለብሷል። ማርቆስ እንደነገረኝ መንገደኛ የሚሳፈረው ፉሪ ላይ ነው፤ እዚህ የሚያልፈው የጭነት ባቡር ብቻ ነው። የራሴ ኮቴ ከኋላዬ የሚከተለኝ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ዞር አልኩ።

አጎቴ ከመሃል ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ጎንበስ ብለው ለወለሉ በኦሮምኛ ያወራሉ። የስንዴውን ቡቃያ፣ የጎረቤት ላም መውለዷን፣ የዝናቡን ነገር። ሲያዩኝ አልደነገጡም።

«ነይ፣ አያትሽን ሰላም በያቸው» አሉኝ።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ የተቀበሩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በየዓመቱ ከእናቴ ጋር መቃብራቸው ላይ ሻማ አብርተናል። አጎቴ አጠገባቸው አስቀምጠው ነገሩን ከሥሩ አጫወቱኝ።

ይህ ቦታ ድሮ ማሳቸው ነበር፤ ጥጉ ላይ የቤተሰቡ መቃብር። ጣቢያው ሊሠራ ሲል የሁሉም አፅም እየወጣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። የአያቴን መቃብር ምልክት ግን ጎርፍ ከወሰደው ቆይቷል። ሠራተኞቹ አጎቴ ባሳዩት ቦታ ሁሉ ቆፈሩ፤ አልተገኘም።

«እናትሽ ያን ጊዜ አራስ ነበረች። ምን ብዬ ልንገራት? ሳጥን ውስጥ አፈር ሞልቼ ቀበርኩ። እሱ ግን እዚሁ ነው። ትቼው ቡራዩ ብመጣ ማን ያጫውተዋል?»

ወለሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የጭነት ባቡሩ ነበር። መስታወቶቹ ተንጫጩ፣ ወንበሩ ከሥሬ ተርገፈገፈ። አጎቴ መዳፋቸውን ወለሉ ላይ አሳርፈው፣ «ጀባዳ፣ አባ ኮ» አሉ፤ አይዞዎት አባቴ ማለታቸው ነው።

ባቡሩ አልፎ ሁሉም ነገር ጸጥ ካለ በኋላ ከእግራችን ሥር ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ ውስጥ ያለ ሰው በር እንደሚያንኳኳ። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ እግሬን ከወለሉ አንሥቼ ወንበሩ ላይ ሰበሰብኩ።

ቡራዩ እንሂድ ብዬ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። ስሰናበታቸው እጄን ያዝ አድርገው፣ «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አሉኝ።

በሩ ላይ ማርቆስን ስለ ድምፁ ጠየቅኩት።

«ብረት ሲላቀቅ ነው ይላሉ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ በጌታ ነው የማምነው» አለና ወደ አዳራሹ አየት አደረገ። «ግን እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም።»

ቡራዩ

ቤት ስደርስ እናቴ ለአጎቴ አልጋ አንጥፋ፣ በር በሩን እያየች ነበር። ብቻዬን መግባቴን ስታይ፣ «ምነው? አሞታል?» አለችኝ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ውሸት ከአፌ አልወጣም። ሁሉንም ነገርኳት።

የምትጮህ መስሎኝ ነበር። ነጠላዋን አስተካከለች።

«አራስ ብሆንም ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር፤ ሳጥኑ ከመኪና ሲወርድ አፈር ከስንጥቁ ሲፈስ አይቻለሁ» አለች። «እሱ እንዳያፍር ብዬ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት።»

አጎቴን ላመጣ ሄጄ፣ ወንድምና እህት ይህን ሁሉ ዓመት አንዱ ለአንዱ ሲል የተሸከመውን ይዤ ተመለስኩ። አፅናናታለሁ ብዬ አጠገቧ ስቀመጥ እሷ ተነሥታ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

«ነገ በጠዋት ትወስጂኛለሽ» አለችኝ። «አባቴ ድምፄን ከሰማ ቆይቷል።»