ዘመም ያለው መልስ

ጋሽ ከማሉዲን ማንበብ የተማሩት በአርባ ሁለት ዓመታቸው፣ በንዴት ነው። የድሬዳዋ ልጅ ናቸው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሠላሳ ዓመት ሸክም ተሸክመዋል። አንድ ቀን አብሯቸው የሚሠራው ሁንዴ የጭነት ሳጥን ወድቆበት ሞተ። በማግስቱ የአሠሪያቸው ድርጅት ጸሐፊ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ወረቀት ይዞ መጣና «ገመዱ አርጅቶ ተበጠሰ ነው የሚለው» ብሎ አነበበላቸው። ምሎም ነገራቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው በምስክርነት ፈረሙ። የሁንዴ ሚስት ጸደንያ ካሳ ስትጠይቅ ነው ጉዱ የወጣው፤ ወረቀቱ የሚለው ሁንዴ ሰክሮ ነበር ነው። ጠጥቶ የማያውቅ ሰው። ጸደንያ ባዶ እጇን ወደ አገሯ ስትመለስ ጋሽ ከማሉዲንን አልተሰናበተቻቸውም።

ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳያነብላቸው ቆረጡ። ሳጥን ላይ የታተመውን ትልልቅ ፊደል እየጠየቁ ለዩ፤ ቀጥለው የጋዜጣውን ትንንሽ ፊደል ተያያዙት። ፈረንሳይኛ መናገሩን ሥራው አስተምሯቸዋል። የእጅ ጽሑፍ ግን አንብበው አያውቁም፤ ማን ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል?

ይህን ሁሉ የሰማሁት የኔ ሥራ ከተበላሸ በኋላ ነው። ሳቢት እባላለሁ፤ እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲዬ 2 የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለች ማተሚያ ቤት የመጽሐፍ ገጽ አሰናዳለሁ። ሳብሪን የምትባል አስተማሪ የድሮ የወደብ ሠራተኞችን ጠይቃ ያዘጋጀችውን የፈረንሳይኛ መጽሐፍ አመጣችልኝ። ጋሽ ከማሉዲን ለመናገር የተስማሙት የሁንዴ ስምና የአሟሟቱ እውነት እንዲታተም፣ እሳቸውም በገዛ ዓይናቸው እንዲያነቡት ብለው ነው።

እኔ ደግሞ ዐዋቂ ነኝ ባይ ነኝ። የሳብሪንን ጥያቄ ቀጥ ብሎ በቆመው ፊደል፣ የሽማግሌዎቹን መልስ ኢታሊክ በሚባለው ዘመም ባለ ፊደል አሰናዳሁት። ከጥንት የእጅ ጽሑፍ የተቀዳ፣ ጫፍ ጫፉ ሹል፣ ለዓይን የሚያምር ፊደል ነው፤ ሳየው ሰው ሲናገር የምሰማ ይመስለኛል። ሦስት ሳምንት ደከምኩበት። ለክብራቸው ነበር። አሁን ይህን ስል እኔኑ ይቀፈኛል።

መጽሐፉ ሲወጣ ጋሽ ከማሉዲን ዋራበሌ ከሚባለው ሰፈራቸው በሚኒባስ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ ብለው፣ እንደ ቆሙ ገለጡት። የሳብሪንን ጥያቄ ጮክ ብለው አነበቡ፤ «ሁንዴ እንዴት ሞተ?» መልሳቸው ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። መነጽራቸውን ጠረጉ። ጣታቸው መስመሩ ላይ ሄዶ ተመለሰ። ወርደው ቀጣዩን ጥያቄ አነበቡ፤ እንደገና ዝም። የሌላ ሰው ጥያቄ ይነበባቸዋል፣ የራሳቸው ቃል አይነበባቸውም። ዘመም ያለውን ፊደል እንደማያውቁት ያኔ ገባኝ።

ላንብብልዎ ስላቸው እጃቸውን አወዛወዙ። እንግዲያው ይቺን ገጽ ነገ ቀጥ ባለው ፊደል አትሜ እሰጥዎታለሁ አልኳቸው።

«ለኔ ብቻ የሚታተም ምን ይሠራልኛል?» አሉ። «እኔ የፈለግሁት ሰው ሁሉ የሚያየውን ነው።»

ጨነቀኝ። ጣቴን ስሙ ሥር አድርጌ፣ ሁንዴ የሚለው ይኸውና፣ የገመዱም ነገር ከጎኑ አለ፣ ወላሂ አልዋሸሁዎትም አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ቁጣ እንኳ ፊታቸው ላይ አልነበረም።

«ልጄ፣ ያኛውም ምሎልኛል።»

መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ወጡ።