ለአረፋ የተሠራ ቤት

ከድጄ በርበሬ ስትገዛ ያያት ሰው ሐኪም ልትመስለው ትችላለች። ከማረቆ፣ ከቆሼ በኩል ዛላ በርበሬ የጫነ አይሱዙ ቡታጅራ ገበያ ሲቆም ሌላው ነጋዴ የማዳበሪያውን አፍ ፈታ አድርጎ ላይ ላዩን ያይና ዋጋ ይጠራል። እሷ እጅጌዋን ትሰበስብና ክንዷን እስከ ትከሻዋ ማዳበሪያው ውስጥ ትከታለች። ሚዛን እንዲደፋ ከታች ውሃ አርከፍክፈውበት እንደሆነ በጣቷ ጫፍ ታውቃለች። እጇ ታች ሳይደርስ ዋጋ ጠርታ አታውቅም። "ከላይማ ምን የማያምር አለ" ትላለች።

እኔ ሽባባው እባላለሁ፣ የቤት ደላላ ነኝ። አባቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ቡታጅራ ቀረ፤ እኔም የትም አልሄድኩ። ሰው ደላላ ሁሉ ውሸታም ይመስለዋል፣ አንዳንዴም አይሳሳትም። በጂን ግን አላምንም። ጂን አለበት የተባለ ቤት ዋጋው ስለሚወርድ ማመን አያዋጣኝም።

ከድጄ ባሏ በጊዜ ሞቶባት ሁለት ልጆቿን በበርበሬ ያሳደገች ሴት ናት። ራምዚ አዲስ አበባ ይነግዳል፤ ዛህራ ጅዳ ናት። ከድጄ ራሷ ከገበያው ጀርባ በሁለት ክፍል የጭቃ ቤት በኪራይ ትኖራለች። አንድ ጊዜ "አንቱ" ብላት "ሳልሞት አታስረጀኝ" ብላ ስለተቆጣችኝ እትዬ ከድጄ እያልኩ "አንቺ" እላታለሁ።

ልጆቿ ስልክ በደወሉ ቁጥር ቤት ግዢ ይሏት ነበር። ለአረፋ ስንመጣ የምንተኛበት የለም፣ ሚስትና ልጅ ይዘን የት እንግባ፣ ቤት ቢኖርሽ ሁላችንም እንሰበሰባለን ነው ነገሩ። እሷም ይህን ሲሏት ልቧ ይቀልጣል። እኔ ጋ መጥታ የአስፋልት ዳሩን የሐቢቡን ቤት ጠየቀችኝ።

ይህን ቤት ቡታጅራ ውስጥ ከውጭ የማያውቀው የለም። ጂ ፕላስ አንድ ነው፣ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ የግቢው በር ሰፊ ብረት ነው። በዚህ አገር ልጅ አዲስ አበባ ሠርቶ ካለፈለት ለአረፋ የሚገባበት ቤት አገሩ ላይ ይሠራል። ካልሠራ እንዳላለፈለት ይቆጠራል። ስለዚህ በከተማችን ለበዓል ሰሞን ብቻ መብራት በርቶባቸው ዓመቱን ሙሉ ተቆልፈው የሚከርሙ ትልልቅ ቤቶች አሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። ሐቢቡ መርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ የጠራው ዋጋ እኔን ራሴን አስደንግጦኛል። ከድጄ ልትከፍል ብትነሳ የዕድሜዋ ቁጠባ፣ ልጆቿ የሚጨምሩላት፣ የገበያ ሱቋም ሳይቀር መሄዱ ነው። ሱቋ ከሄደ ደግሞ ከበርበሬ ሌላ የምታውቀው ሥራ የላትም።

ዋጋ ቀንሱልኝ አላለችም። "ቁልፉን ስጠኝና አንድ ቀን ልዋልበት" አለችኝ። ለሐቢቡ በስልክ ብነግረው ሳቀና ትዋልበት አለ።

ጠዋት ከፍቼላት ሄድኩ፤ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ግን ነገሩ አላስችል ብሎኝ ተመለስኩ። ከድጄ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ከክፍል ክፍል ትሄዳለች። ፎቅ ላይ ያሉት አልጋዎች ፍራሻቸው ከነላስቲኩ ነው፤ የምግብ ጠረጴዛውን የከበቡት ወንበሮችም እንዲሁ። ስንናገር ድምፃችን ከሌላ ክፍል ተመልሶ ይመጣል። ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ውስጡ ግን ክረምት ነው። ቧንቧ ስትከፍት መጀመሪያ ሳል የሚመስል ድምፅ አወጣ፣ ከዚያ ዝገት የቀላቀለ ውሃ ተፋ።

"ሰው ገብቶበት አያውቅም ብለኸኝ ነበር" አለችኝ። ሐቢቡ እንዲያ ብሎኝ ነበር፣ እኔም እንዲያው አልኳት። ወደ ሳሎኑ ወስዳ በመስኮቱ አጠገብ ያለውን ግድግዳ አሳየችኝ። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ገና ይሸታል፤ በቀለሙ ላይ ግን የሰው ጭንቅላት የሚያህል ክብ የወዛ ነገር ወጥቷል። እርጥበት ነው አልኳት። ደላላ ግድግዳ ላይ ያለ ነገር ሁሉ እርጥበት ነው ይላል።

አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተች። "የራስ ቅቤ ነው" አለች። እኔም አሸተትኩ፤ ከአዲሱ ቀለም ስር ደከም ያለ የቆየ ቅቤ ሽታ አለ። አንድ ሴት ቅቤ የተቀባ ራሷን እዚህ ቦታ ላይ አስደግፋ ኖራለች፤ አንድ ቀን ወይም አንድ ወር ሳይሆን ዓመታት። ቀለም ቀብተው ቢሸፍኑትም ወዙ ተመልሶ ወጥቷል። ከድጄ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች። ራሷ ወዙ ላይ ልክ አረፈ።

"ከዚህ የሚታየው የግቢው በር ብቻ ነው" አለች።

የከሰዓቱ የአስር ሶላት ተሰግዶ ሰው ከመስጊድ መመለስ ጀምሯል። ቤቱ አጥር ግቢ ቢኖረውም ያ መስኮት ወደ እግረኛው መንገድ የተጠጋ ነው። የከዘራ ድምፅ ሰማንና መስኮቱ ስር ቆመ። ድምፁን አወቅኩት፣ ሳኒ ናቸው፤ ዓይናቸው የደከመ፣ ድሮ ከብት ይነግዱ የነበሩ ሽማግሌ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አሚኔ" አሉ።

ከድጄ አየችኝ። ሰላምታን አለመመለስ በእነሱ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው፣ የፈጣሪም ዕዳ አለበት። ቀስ ብላ "ወአለይኩም ሰላም" አለች።

ሽማግሌው ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። አልደነገጡም። "ዛሬስ ድምፅሽ ጠንከር ብሏል፣ አልሐምዱሊላህ" አሉና ከዘራቸውን እያንኳኩ ሄዱ።

ጸጉሬ ቆመ። እስከ ዛሬም ሳስበው ይቆማል። ዛሬ ጠንከር ያለው ድምፅ ሌላ ቀን እንዴት ነበር? ማን ይመልስላቸው ነበር? ከድጄ ከመሬት ተነስታ ነጠላዋን አራገፈች። ውጭ ወጥተን ፊት ለፊት ሱቅ ያላትን ፈትሂያን አሚኔ ማን ናት አልናት።

ፈትሂያ መጀመሪያ መናገር አልፈለገችም፤ ኋላ ግን ነገረችን። አሚኔ የሐቢቡ እናት ናት። ልጆቿ ቤቱን የሠሩት ለእሷ ነው፤ መስቃን ገጠር ካለው ጎጆዋ፣ ከእንሰቷና ከጎረቤቶቿ አንስተው አምጥተው አስገቧት። በመጀመሪያው አረፋ ሁሉም መጡ፣ ግቢው ለመኪናው አልበቃም ነበር። በሚቀጥለው ግማሾቹ መጡ። ኋላ ላይ የበሬ መግዣውን መላክ ጀመሩ። አሚኔ ፎቁን ወጥታው አታውቅም፤ አልጋ ላይም አትተኛም ነበር፣ ላስቲኩ እንዳይቀደድ ትሰጋለች። እዚያ ግድግዳ ስር ተቀምጣ በሩን ታያለች። አላፊ አግዳሚው በመስኮት ሰላም ይላታል። በአንድ አረፋ ጎረቤት የሥጋ ድርሻዋን ይዞ መጥቶ ቢያንኳኳ የሚከፍት ጠፋ። በር ሰብረው ሲገቡ ፊቷን ወደ በሩ እንዳደረገች ሞታ አገኟት።

"ሐቢቡ ክፉ ልጅ አይደለም" አለች ፈትሂያ። "ወር በገባ ቁጥር ይልክላት ነበር።"

ከድጄ እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ለራምዚ ደወለች። ስልኩን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሰማሁት። ራምዚ ቤቱን እንዳየች ሲሰማ ደስ አለው፤ ዋጋው አያሳስብሽ፣ ዛህራም ትጨምራለች፣ ወላሂ ለአረፋ ሁላችንም እንመጣለን አላት።

"በአረፋ ማግስትስ?" አለችው።

ራምዚ ሳቅ አለና "እማዬ ደግሞ፣ ሥራ አለ አይደል" አላት። እሷም አልሐምዱሊላህ ብላ ዘጋች።

ሐቢቡ በሳምንቱ ራሱ መጣ። የሰማ ሰው ነግሮት ነው መሰለኝ ገና ሳይቀመጥ ዋጋውን ቀነሰ፤ ደላላ ሆኜ እንዲህ ያለ ቅናሽ አይቼ አላውቅም። እኔ ከድጄን በክርኔ ነካ አደረግኳት፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል እንጂ የዘገየም ያመልጠዋል። እሷ ግን ሰውየውን እንደ ልጅ ታየው ነበር።

"ልጄ፣ ቤትህ ውድ አይደለም" አለችው። "መጀመሪያ የጠራኸውንም ያወጣል። አንተ የጠየቅከኝን ገንዘብ መክፈል እችላለሁ። እናትህ የከፈለችውን ግን አልችልም።"

ሐቢቡ ጎንበስ ብሎ የቁልፉን ዘለበት ሲነካካ ቆየ። ቤቱን ትወደው ነበር አለ። ከድጄ ወደ ገበያዋ ተመለሰች፤ በዚያው ዕለት ከቆሼ የመጣ በርበሬ ውስጥ እስከ ትከሻዋ ክንዷን ስትከት አየኋት። ደስ አለኝ፣ ኮሚሽኑ ቢያመልጠኝም ደስ አለኝ።

አረፋ ሲቃረብ ራምዚ ደወለልኝ። እናቴ ለእኛ አዝና ነው እንጂ ልቧ ከቤቱ ጋር ነው፣ ገንዘባችንን መጨረስ አልፈለገችም አለኝ። ከዛህራ ጋር ተነጋግረው ቤቱን ገዝተውታል፤ ሊያስደንቋት ስለሆነ እንዳልነግራት አስማለኝ። የጎደለውን ለመሙላት የገበያ ሱቋን ሸጧል፤ ገዢው የሚረከበው ከበዓሉ በኋላ ነው። ሱቁን በስሙ ያዞረችው ራሷ ነበረች፣ ልጄ ሰው ሆነ ብላ ደስ ያላት ጊዜ። "ይብቃት፣ ትረፍ" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ያለው ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። ልነግራት አንድ ሁለቴ ገበያ ድረስ ሄጄ ዋጋ ጠይቄ ተመለስኩ።

ለአረፋ ሁሉም መጡ። ዛህራም ከጅዳ መጣች። ቁልፉን በቀይ ሪባን አስረው ሲሰጧት ከድጄ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። ተቀብላ ልጆቿን አንድ በአንድ ሳመች። በሬ ታረደ፣ ክትፎው ቀረበ፣ የልጅ ልጆቿ የአልጋዎቹን ላስቲክ ቀዳደው ዘለሉበት። ቤቱ እውነትም ያምር ነበር። ግድግዳው እንደገና ተቀብቶ ስለነበር እኔም ወደዚያ አላየሁም።

በዓሉ አልፎ የሚሄዱበት ጠዋት ራምዚ የሮቶውን ቧንቧ ላሳይህ፣ እማዬን ብቅ እያልክ እያት ብሎ ጠራኝ። ስደርስ ዛህራ አስቀድማ ወደ ኤርፖርት ሄዳለች፣ የራምዚ መኪና ሞተሩ ተነስቷል፣ ሚስቱና ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። ከድጄ ጋቢና ናት። ቀበቶዋን አስራለች፣ ጉልበቷ ላይ ትንሽ የልብስ ጥቅል ይዛለች።

መሪው ላይ የተቀመጠው ራምዚ ሳቀ። "እማዬ፣ ወዴት ነው?"

"እናንተ ዘንድ ነዋ" አለችው። "ቤቱ ያምራል፣ አላህ ይስጣችሁ። ቆልፈነው እንሂድ።"

ራምዚ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ የልጇን ጸጉር ማስተካከል ጀመረች። አዲስ አበባ የሚኖሩት ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከድጄም ታውቃለች። ራምዚ ወርዶ በወዲያ በኩል ዞረና በሩን ከፈተ። ቀበቶዋን ራሱ ፈታላት። ከዚያ አሮጊት እንደሚያወርድ ሰው እጁን ዘረጋላትና "ቀስ በይ" አላት።

ከድጄ እጁን ትንሽ አየችው። ከዚያ የራሷን ሰጠችውና ወረደች። ሳማት፣ ልጆቹም በመስኮት ሳሟት። የግቢው በር ከባድ ስለሆነ ሰው ካልያዘው ይመለሳል፤ መኪናው አስፋልት እስኪወጣ ድረስ ይዤ ቆምኩ። ልዘጋው ስል ከድጄ ከኋላዬ ጠራችኝ።

"ሽባባው" አለችኝ፣ "ክፍቱን ተወው።"

በሩን ድንጋይ አስደግፌ ክፍቱን ትቼው ሄድኩ።