የአደር ሮብሌ «ሃዬ»

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ እንኳ ስለ ጅጅጋ ሳወራላት እዚህ ጋ ስደርስ ወሬ እቀይራለሁ። ዛሬ ለእርስዎ፣ ለማያውቁኝ አንባቢ፣ ልናገረው። እኔ ሰው አዋርጃለሁ። ሳላውቅ አንድ ጊዜ፣ እያወቅሁ ብዙ ጊዜ።

ጅጅጋ የተመደብኩት ገና ወጣት አስተማሪ ሳለሁ ነው። ቀልድ ይሆንልኝ ነበርና በየበዓሉ የከተማው አዳራሽ መድረክ ላይ ያወጡኝ ጀመር። ከተመልካቹ መሃል ነገር የሚወረውርብኝን በአንድ ቃል አፉን በማስያዝ ታወቅሁ። አዳራሹ ከቀልዴ ይልቅ ይህንን ወደደልኝ። እኔም ወደድኩት።

አንድ ቀን ፍየሉ ስለጠፋችበት ሰውዬ እያወራሁ ነበር። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ትንፋሽ በወሰድኩ ቁጥር ጮክ ብለው «ሃዬ» ይላሉ። «ሰውዬው ፍየሉን ፍለጋ ወጣ» እላለሁ። «ሃዬ።» «ጎረቤቱን ጠየቀ።» «ሃዬ።» ደሜ ፈላ። ታሪኬን እዚያው ተውኩና ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«አባቴ፣ ሲያመሰኩ ድምፅዎን ይቀንሱ፤ ይሄ ግመል ተራ አይደለም» አልኳቸው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ የፍየሏም ታሪክ ሳልጨርሰው ቀረ። ሰውየው አደር ሮብሌ የሚባሉ የግመል ደላላ መሆናቸውን በኋላ ነው የሰማሁት፤ አደር ማለት አጎቴ እንደ ማለት ነው። ትከሻቸው ላይ ያለውን ፎጣ አስተካከሉ፣ ዝግጅቱ እስኪያልቅ ተቀመጡ፣ ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጨቡ። «ሃዬ» ግን ደግመው አላሉም።

ስንወጣ ሆዳን የምትባል የጅጅጋ ልጅ ባልደረባዬ ያዘችኝ። «ምን ነካህ?» አለችኝ። «እኛ ዘንድ ሰው ሲናገር አንዱ ይቀበለዋል። ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው ማለታቸው እኮ ነው። ሌላው እንዲያዳምጥህ ነው የደከሙልህ።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ፣ ባያውቅ ነው ብለው ያልፉኝ ይሆናል። አላበቃም። በሚቀጥለው በዓልም፣ ከዚያ ወዲያም፣ ድምፃቸውን እያስመሰልኩ «ሃዬ» እያልኩ ሰው አሳቅሁ። ለምን? ሳቁ ጣፍጦኝ ነዋ። ሌላ ምክንያት የለኝም። አደር ሮብሌ ሁለተኛ አዳራሹ ውስጥ አልታዩም።

ከዓመታት በኋላ ርዕሰ መምህር ሆኜ ወደ ሽንሌ ተዛወርኩ። ድርቅ ነበርና የትምህርት ቤቱን ውሃ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከልኩ። አርብቶ አደሮቹ ግቢው ዛፍ ስር ተሰብስበው አስጠሩኝ። አፌን ስከፍት ይጮሁብኛል፤ አንዱ በዱላው መሬቱን ይደበድባል። ያ ሁሉ የአፍ ማስያዣዬ የት ገባ? ፈራሁ። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ።

«ሃዬ።»

አደር ሮብሌ ነበሩ፤ ግመል ሊያሻሽጡ ሽንሌ መጥተው ኖሯል። «ውሃው ጥቂት ነው» አልኩ። «ሃዬ።» «ልጆቹ ብዙ ናቸው።» «ሃዬ።» ጩኸቱ ረገበ፣ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። ያን ሁሉ የተቆጣ ሰው አንድ ሽማግሌ ሳይቆጡ፣ ሳይለምኑ፣ እኔ ባላገጥኩባት በዚያችው ቃል ዝም አሰኙልኝ። ሰው ዝም ማሰኘት የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ አልነበር? ተነጋገርን፤ ለደከሙት ከብቶች ጠዋት ጠዋት ውሃ እንዲሰጥ ተስማማን።

ሰው ሲበተን ሮጬ ደረስኩባቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። ቀደሙኝ።

«መምህር፣ ያ ሰውዬ ፍየሏን አገኛት?» አሉኝ።

እኔ ሰው ሳስቅባቸው፣ እሳቸው መጨረሻውን ሲጠብቁ ኖረዋል። ጎረቤቱ ቤት አልጋ ስር ተኝታ እንዳገኛት ነገርኳቸው። «ሃዬ፣ ሃዬ» እያሉ ሰሙኝ፣ ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ሳይሄዱ ጠበቁኝ። የቀረችኝ አንዲት ነገር ነበረች፤ ብናገራት እሷንም ይቀበሉኝ ነበር።

«ደህና ይዋሉ» ብዬ ተመለስኩ።

ዛሬ በሕይወት የሉም። አላውቅም ነበር አልልም፤ አውቅ ነበር። ልጅነት ነው አልልም፤ ሽንሌ ላይ ልጅ አልነበርኩም። አደር ሮብሌ፣ ያዋረድኩዎት እኔ ነኝ። ካወቅሁ በኋላም የቀለድኩብዎት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።

የቀረችው ነገር ይህች ነበረች። ተናግሬ ጨረስኩ፤ «ሃዬ» የሚለኝ ግን የለም።